አረፋው ለምን እምቢ አለ? ስለ ዊስኪ ሳወር የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ዕትም ስለ ኮክቴል ስጽፍ ዊስኪ ሳወርን በአንድ መስመር ነክቼው አልፌ ነበር። ዊስኪ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭ፣ አለቀ። ለካ አላለቀም። ከአዲስ አበባም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከአትላንታም፣ ከፍራንክፈርትም ጥያቄ መጣ። አብዛኛው ስለ እንቁላሉ ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለዚህ መጠጥ ሰጥቼዋለሁ።

ጋሼ፣ እህቴ በነርስነት ተመርቃ ቤት ውስጥ ትንሽ ዝግጅት ነበረን። እኔ ዊስኪ ሳወር እሠራለሁ ብዬ ሁሉንም አስጎመጀሁ። መጠጥ መነቅነቂያውን ሼከር ገዛሁ፣ በርበን የሚባለውን የአሜሪካ ዊስኪ ገዛሁ፣ እንቁላሉንም በረዶውንም አንድ ላይ ጨምሬ እጄ እስኪዝል ነቀነቅኩ። ሲቀዳ ከላይ የሳሙና ውሃ የመሰለ ስስ አረፋ ነበረው። እሱም ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ሳይደርስ ጠፋ። አክስቴ ደግሞ አሸተተችውና «እንቁላል እንቁላል ይላል» ብላ መለሰችልኝ። ምን አጥፍቼ ነው?
እጇ የዛለ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ።

ያጠፋው እጅሽ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። በረዶውን ቶሎ አስገባሽው።

የእንቁላል ነጭ 90 በመቶው ገደማ ውሃ ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን እንደ ተጠቀለለ የክር ኳስ አድርገሽ አስቢው። በደንብ ሲመታ ክሩ ይፈታል፣ ወደ ውስጥ የገባውን አየር ይከብበዋል፣ ከጎኑ ካለው ክር ጋርም ይያያዛል። አረፋ ማለት ይኸው ነው። ብርድ ሲነካው ግን ክሩ ለመፈታት ይለግማል። በዚያ ላይ በረዶው እየቀለጠ ውሃ ይጨምርበታል፤ አንቺ አረፋ ለማውጣት በደከምሽ ቁጥር መጠጡ እየቀጠነ ይሄዳል። ዝግጅቱ ላይ የሆነው ይህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነው የሚነቀነቀው። መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ከዚያ በበረዶ። ባርቴንደሮች የመጀመሪያውን ድራይ ሼክ ይሉታል። እኔ ዋሽንግተን ውስጥ ባር ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት ይህን አንድ ነገር ያስተካከለ ሰው ሌላው ሁሉ ሲቀናው አይቻለሁ።

ለአንድ ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር በርበን፣ 25 ሚሊ ሊትር አሁን የተጨመቀ ሎሚ፣ 20 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ፣ 20 ሚሊ ሊትር የእንቁላል ነጭ ያዢ። ሽሮፑ አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ሟሙቶ የቀዘቀዘ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እባክሽ በዓይን አትለኪ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ በዓይን መቅዳት የደግነት ምልክት ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ሎሚው በአንድ ማንኪያ ሲበልጥ ፊት ያስጨመድዳል፣ ሽሮፑ በአንድ ማንኪያ ሲበልጥ ከረሜላ ይሆናል።

እንቁላሉን በቀጥታ ሼከሩ ላይ አትስበሪው። ትንሽ ሲኒ ላይ ስበሪና ነጩን ለይተሽ እዪው። የተበላሸ ከሆነ ሲኒውን ትደፊያለሽ፤ ዊስኪሽ ግን ይተርፋል። የአስኳል ጠብታ ከገባበትም አትጠቀሚበት። አስኳል ስብ አለው፣ ስብ ደግሞ አረፋን ይገድላል። በደንብ ያልታጠበ፣ ቅባት የቀረበት ሼከርም እንዲሁ ነው። ሌላ የማይነገር ነገር አለ፦ ነጩን ባዶ ዊስኪ ላይ ጨምረሽ አታቆዪው። ጠንካራ አልኮል ፕሮቲኑን ያረጋዋል፤ ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር ታያለሽ። ሎሚው፣ ሽሮፑና ዊስኪው ይቅደሙ፤ ነጩ መጨረሻ ይግባ፤ ወዲያው ነቅንቂው።

አሁን ክዳኑን በሁለት እጅሽ ጥብቅ አድርገሽ ያዢው። ይህን የምልሽ ምክንያት አለኝ። በረዶ ሲኖር ውስጥ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝና ስለሚሰበሰብ ክዳኑን ወደ ውስጥ ስቦ ይይዘዋል። በረዶ ከሌለ የሚስበው የለም፤ እየተነፋ ያለው አረፋ ደግሞ ከውስጥ ይገፋል። ክዳኑ ሲስፈነጠር ነጭ ሸሚዝ ላይ የሚያርፈውን አይቻለሁ፤ ስኳር ያለበት እንቁላል በቀላሉ አይለቅም። ፎጣ ጠቅልለሽበት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ነቅንቂ። ድምፁን አዳምጪ። መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል። ቆይቶ ድምፁ ይደፈናል፤ ውስጡ እርጎ ያለ ይመስልሻል። ያን ጊዜ አረፋው መጥቷል።

ከዚያ ክፈቺና ሼከሩን በትላልቅ በረዶ ሙዪው። ደግመሽ ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ናጪው። ሼከሩ ከውጭ ላብ አውጥቶ ጭጋግ ሲለብስ፣ ጣቶችሽን ሲቆረጥምሽ ይበቃል። በሻይ ማጥለያ አድርገሽ ቀድሞ በረዶ ቤት ወደቀዘቀዘ ብርጭቆ አጥልዪው። ማጥለያው የበረዶ ፍርካሹንም፣ የእንቁላሉን ክር መሰል ነገርም፣ ትላልቆቹን አረፋዎችም ያስቀርልሻል። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ አትንኪው። መጀመሪያ ሁሉም ደፍርሶ ወተት የመሰለ ነው፤ ዝም ስትዪው መጠጡ ከታች እየጠራ አረፋው ከላይ ይለያል። አንድ ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ እንደ ጥሩ ማክያቶ አረፋ ደቃቅና ለስላሳ መሆን አለበት።

ስለ ሽታው አክስትሽ እውነቷን ነው። አረፋው በቀጥታ አፍንጫ ስር ስለሚቀመጥ ትንሽ ሽታም ቢሆን ይታወቃል፤ መጠጡ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። እንቁላሉ ትኩስ ሲሆን በጣም ይቀንሳል። የቀረውን የሚሸፍነው አረፋው ላይ ጠብ የሚደረገው ቢተር፣ ማለትም በቅመማ ቅመም የተቀመመው መራራ አልኮል ነው። ብዙ ሰው ጠብታዎቹን ለጌጥ የተደረጉ ይመስሉታል። አይደሉም፤ ሥራ አላቸው። አንጎስቱራ የሚባለውን፣ አናቱ ቢጫ፣ ወረቀቱ ከጠርሙሱ ትልቅ የሆነውን ታውቂው ይሆናል። ዮሐን ዚገርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 ቬኔዙዌላ ውስጥ ለሆድ መድኃኒትነት የቀመመው ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ትሪኒዳድ ነው። ሦስት ጠብታ አረፋው ላይ፣ በቃ። ቅርንፉድና ቀረፋ የሚያስታውስ ሽታው ለእኛ አፍንጫ እንግዳ አይሆንም። ካላገኘሽ የሎሚ ልጣጭ ቀጭን አድርገሽ ቁረጪና ቢጫውን ጎን ወደ መጠጡ አዙረሽ እጠፊው። ዘይቱ ሲረጭ ታዪዋለሽ።

ልጄ፣ 70 ዓመት አልፎኛል። ሴት ልጄ ቅዳሜ ማታ ይህን መጠጥ ሠርታ ታቀርብልኛለች፤ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ባለቤቴ ግን «ጥሬ እንቁላል በዚህ ዕድሜ!» ትለኛለች። ልጄ ደግሞ አልኮሉና ሎሚው ጀርሙን ይገድለዋል ባይ ናት። ማን ልክ ነው?
አባት፣ ከአትላንታ

አባቴ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው።

የሚያሰጋው ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ቅርፊቱ ላይ ሊኖር ይችላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ዶሮዋ ራሷ ከያዛት እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ግምት ከ20 ሺህ እንቁላል አንዱ ገደማ ነው የሚል ነው። ትንሽ ነው። ለአንድ ጤነኛ ወጣት ያቺን ዕድል ይቀበላት አይቀበላት የራሱ ጉዳይ ነው። ለእርስዎ ግን አይመከርም። በዕድሜ ለገፋ፣ ለነፍሰ ጡር፣ በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት አቅሙ ለተዳከመ ሰው፣ ሌላው በጥቂት ቀን ተቅማጥ የሚያልፈው ነገር ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል።

ልጅዎ ያሉት ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ እኔም ባር ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን መጠጡ ተሠርቶ እስኪጠጣ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ፣ በውሃና በሎሚ በቀጠነ አልኮል፣ ባክቴሪያው መሞቱን ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ደግነቱ መጠጡን መተው የለብዎትም። ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ እንቁላል ያለበት ማቀዝቀዣ አካባቢ፣ በካርቶን የታሸገ የእንቁላል ነጭ አለ። ፓስቸራይዝድ የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ከነጭ በቀር ምንም ያልተጨመረበትን ልጅዎ ይግዙ። በሙቀት ስላለፈ ትንሽ ይለግማል፤ ያለ በረዶ የሚነቀነቀውን ወደ 30 ሰከንድ ያስረዝሙት። አረፋው ከትኩሱ ትንሽ ቢያንስ ነው እንጂ ይመጣል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ደግሞ አልኮሉን በተመለከተ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ይህን እኔ ልመልስልዎት አልችልም።

እዚህ ላይ ለሁላችሁም አንድ ነገር ልጨምር፣ አባቴ ይፍቀዱልኝና። ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ባር አንድ ባልደረባዬ ለእንግዳ ይህን መጠጥ ሰጣት። ምን እንዳለበት አልነገራትም፤ ዝርዝሩ ላይም አልተጻፈም። እንቁላል አይስማማትም ነበር። ከንፈሯ እያበጠ፣ ጓደኛዋ ቦርሳዋን ዘርግፋ መድኃኒት ስትፈልግ ቆሜ አየሁ። ደግነቱ መድኃኒቱ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንቁላል አለበት» ሳልል ብርጭቆ አስቀምጬ አላውቅም። ቤት ውስጥም ቢሆን በሉ። እንቁላል መጠጥ ውስጥ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ነኝ። እኛ ጋ ያለው ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ናት። ይሆናል? እንቁላሉስ፣ የሀበሻ ወይስ የፈረንጅ?

ይሆናል፤ ግን ሌላ መጠጥ መሆኑን እወቅ። አሜሪካኖቹ ለዚህ መጠጥ የሚጠቀሙት ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው። የእኛ ሎሚ እነሱ «ላይም» የሚሉት ነው። ኮምጣጣነቱ ተቀራራቢ ሆኖ ጠርዙ ይሾላል፣ ትንሽ ምሬትም አለው። በ20 ሚሊ ሊትር ጀምርና ቅመሰው፤ ከዚያ ጨምር። ቢጫው ከተገኘ ግን እሱን ግዛ፤ ከበርበን ጋር የሚስማማው እሱ ነው። በጠርሙስ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ አትጠቀም። የትናንት ጭማቂም አይሆንም፤ ሽታው ጠፍቶ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል።

እንቁላሉ የፈለግከው ይሁን። የሀበሻዋ ትንሽ ስለሆነች የአንዷ ነጭ ለአንድ ብርጭቆ ነው። ከትልቁ የፈረንጅ እንቁላል ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነጭ ይወጣል፤ ለአንድ ብርጭቆ ይተርፋል፣ ለሁለትም ካብቃቃኸው ይደርሳል። ዋናው ትኩስነቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። ከታች በጎኑ ከተጋደመ ትኩስ ነው፤ ከቆመ ቆይቷል፤ ከተንሳፈፈ ጣለው። ግን ይህ ዕድሜውን ነው የሚነግርህ፤ ለአባታችን ስለጻፍኩት ባክቴሪያ ምንም አይነግርህም። እኛ ጋ እንቁላል ሳይታጠብ፣ አንዳንዴም ጭድና ኩስ እንደያዘ ስለሚመጣ ልትሰብረው ስትል በውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ እጅህንም ታጠብ። ቀድመህ አጥበህ አታስቀምጠው፤ ቅርፊቱ ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው፣ ውሃው ያን ያነሳበታል።

ሼከር ከሌለህ ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃሃል። እኔ ራሴ ለሰው ቤት ስጋበዝ የምጠቀመው እሱን ነው።

ከዱባይ የመጣ አንድ ሰው ብላክ ሌብል አምጥቶልኛል። በእሱ ልሥራው?

ወንድሜ፣ ያን ጠርሙስ ተወው፤ ለብቻው ጠጣው። ብላክ ሌብል ስኮች ነው፣ የስኮትላንድ ዊስኪ፤ በውስጡ ያለችውን ቀጭን የጭስ ሽታ ሎሚው ይሸፍናታል፣ ስኳሩና እንቁላሉ የቀረውን ያለሰልሱታል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ብርጭቆው ውስጥ ይጠፋል። የግድ በስኮች ከሆነ በርካሹ አድርገው።

ይህ መጠጥ የአሜሪካ ዊስኪ መጠጥ ነው። በርበን በሕጋቸው መሠረት እህሉ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚያርፈውም ከውስጥ በእሳት በከሰለ፣ ከዚህ በፊት ምንም ባልተቀመጠበት አዲስ የኦክ በርሜል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ኮንግረስ የአገሪቱ መለያ ምርት ነው ብሎታል። ከከሰለው እንጨት የሚያገኘው የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ነው ሎሚውን ፊት ለፊት ተቀብሎ የሚያቻችለው። ጠርሙሱ ላይ 45 ወይም 50 በመቶ የሚለውን ብታገኝ ይሻላል፤ 40ው አረፋው ስር ትንሽ ይደክማል። ጣፋጭ የማትወድ ከሆነ ራይ የሚባለውን ሞክር፤ እሱ ደግሞ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ የተባለው እህል ነው፤ ቃና አለው፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ይቆነጥጣል።

ጓደኛዬ «እንቁላል ያለበት ዊስኪ ሳወር ዊስኪ ሳወር አይደለም፣ የኢንስታግራም ፈጠራ ነው» ይላል። እራት ተወራርደናል።
ተወራራጁ፣ ከፍራንክፈርት

እራቱን ተካፈሉ፤ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ናችሁ።

ጄሪ ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ ባርቴንደር እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የመጠጥ መጽሐፍ ውስጥ ሳወር የሚባሉ መጠጦች አሉ። መጠጡ፣ ሎሚው፣ ስኳሩ፣ ትንሽ ውሃ፤ እንቁላል የለም። ስለዚህ ያለ እንቁላሉ ጥንታዊ ነው በሚለው ጓደኛህ አልተሳሳተም። የኢንስታግራም ፈጠራ ነው ያለው ግን ስህተት ነው። የእንቁላል ነጭ ያለበት ሳወር፣ ስልክ ካሜራ ሳይኖረው በፊት ጀምሮ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ብዙ ቦታ ለይተው ቦስተን ሳወር ይሉታል። ዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበርም ዊስኪ ሳወርን ሲዘረዝር 45 ሚሊ ሊትር በርበን፣ 25 ሎሚ፣ 20 ሽሮፕ ብሎ 20 ሚሊ ሊትር ነጩን «ከተፈለገ» በሚል ነው የሚያስቀምጠው። የፔሩ ሰዎች ዘንድ ግን «ከተፈለገ» የለም። ፒስኮ ከሚባለው የወይን አረቄ የሚሠሩት ፒስኮ ሳወር ያለ እንቁላል ነጭ አይታሰብም፤ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በአገር ደረጃ ቀን ሰጥተው ያከብሩታል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቅከኝ፣ እንቁላሉ ጣዕም ለመጨመር አይደለም የሚገባው። ስሜቱን ለመቀየር ነው። ያለ እንቁላሉ መጠጡ ስለታም ነው፣ ሎሚው ምላስ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ከእንቁላሉ ጋር ያው ሎሚ ተሸፍኖ ይመጣል። እኔ በሞቃት ቀን ያለ እንቁላል፣ ማታ ከእራት በኋላ በእንቁላል ነው የምጠጣው። ሁለቱንም በአንድ ማታ ጎን ለጎን ሥሯቸውና ቅመሷቸው፤ ክርክሩ ያኔ ይጣፍጣል።

ጓደኛህን ልታስደንቀው ካሰብክ ኒውዮርክ ሳወር የሚባለውን አቅርብለት። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ 15 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቀይ ወይን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገህ ታፈሳለህ። ወይኑ ከአረፋው ስር፣ ከመጠጡ በላይ ቀይ መስመር ሠርቶ ይቀመጣል።

ጋሼ፣ እኔ ከሥጋና ከእንስሳት ተዋፅኦ ከራቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። የጾም ማክያቶ አለ፤ የጾም ሳወርስ?

አለ እንጂ፤ እሱም ጓዳችሁ ውስጥ ነው። የሽምብራ ውሃ።

ነገሩ አዲስ ነው። አንድ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመት አኳፋባ የሚል ስም ወጣለት። ሽምብራው ሲበስል ፕሮቲንና ሌሎች ነገሮች ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ እነሱ ናቸው አየሩን የሚይዙት። እኔ ስሰማው መጀመሪያ ያሰብኩት ስንት ድስት የንፍሮ ውሃ ሲደፋ እንዳየሁ ነው።

የቆርቆሮውን ሽምብራ የምትገዢ ከሆነ ጨው የሌለበትን ምረጪ። ቤት የምትቀቅዪ ከሆነ ለንፍሮ እንደምታደርጊው ጨው አትጨምሪ። ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅዪ። ሽምብራውን ካወጣሽ በኋላ ውሃው ቀጭን ከሆነ መልሰሽ ጣጂው፤ ሲቀዘቅዝ በጣትሽ መሀል የሚንሸራተት፣ የእንቁላል ነጭ የሚመስል እስኪሆን። ለአንድ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር አድርጊ። ያለ በረዶም በበረዶም እንደተለመደው ነቅንቂ። ትንሽ የጥራጥሬ ሽታ ስላለው ቢተሩን አትርሺ። አረፋው ነጭ ነው፣ ይቆያል፣ እንቁላል እንቁላልም አይልም።

በጾም መጠጣት ይገባል አይገባም ብለው የጻፉልኝ ሌሎችም አሉ። እሱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ለ10 ሰው ልሠራ ነው። እንግዶቹ መጥተው ኩሽና ውስጥ ስነቀንቅ ማምሸት አልፈልግም።

ትክክል ነሽ፤ እንግዳ ጠርቶ ኩሽና ማምሸት ያሳዝናል። ከሰዓት በኋላ 600 ሚሊ ሊትር በርበን፣ 250 ሚሊ ሊትር ሎሚና 200 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ጆግ ውስጥ ቀላቅለሽ ፍሪጅ አስገቢ። ስድስት ወይም ሰባት ትላልቅ ቢጫ ሎሚ ይበቃሻል። ከሰባት ትልቅ እንቁላል ነጩን ለይተሽ፣ ሸፍነሽ፣ ለብቻው ፍሪጅ አስቀምጪ። ነጩን ጆጉ ውስጥ አትቀላቅዪው፤ በተቀመጠ ቁጥር እየረጋ ይበላሻል። ሰው ሲመጣ ለእያንዳንዱ ከጆጉ 105 ሚሊ ሊትር፣ ከነጩ 20 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ሼከር ከሁለት ብርጭቆ በላይ አትሥሪ፤ አየር የሚገባበት ቦታ ያጣል። በባትሪ የሚሠራው ትንሿ የወተት አረፋ ማውጫ ካለሽ ያለ በረዶ የሚነቀነቀውን እሷ በ15 ሰከንድ ትጨርስልሻለች፤ ከዚያ በበረዶ መናጥ ብቻ ነው የሚቀርሽ። መኪና የሚነዳውን ሰው ቀድመሽ ለዪና ለእሱ ሎሚውንና ሽሮፑን በአምቦ ውሃ አድርጊለት።

አስኳሉስ? ሰባት አስኳል ልጣል እንዴ?

ኧረ በፍጹም! ሳይፈርስ እቃ ውስጥ አድርጊና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፣ ክደኚው፣ ፍሪጅ አስገቢው። እስከ ሁለት ቀን ይቆይልሻል። በማግስቱ ውሃውን አፍስሰሽ ከሁለት ሦስት ሙሉ እንቁላል ጋር ምቺው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ቅቤ። በደንብ ይብሰል። ያደሩ እንግዶች ካሉ ቁርሳቸው ይኸው ነው፤ ቀለሙ ከሌላ ቀን ፍርፍር ይልቅ ደመቅ ብሎ ይወጣል።